ከ5 ቮልት 13 ቮልት፦ በቤት የሠራሁት የፒክ ፕሮግራመርና የኃይሉ ነገር

ባለፈው ክረምት መግቢያ ላይ ከኮምቦልቻ አንድ የእንቁላል መፈልፈያ መቆጣጠሪያ ቦርድ በፌስታል ተጠቅልሎ መጣልኝ። ያመጡልኝ የእናቴ የቆየ ወዳጅ የሆኑ፣ እኔ እቴቴ እያልሁ የምጠራቸው ሴት ሲሆኑ፣ ሰፈራቸው መብራት ጠፍቶ ሲመለስ መፈልፈያው ዝም እንዳለና አንድ ሙሉ ዙር እንቁላል ቀዝቅዞ እንደ ተበላሸባቸው ነገሩኝ። ደሴ ፒያሳ አካባቢ ባለችው ጠባብ ክፍሌ ቴሌቪዥንና የዲሽ ሪሲቨር ስጠግን ብዙ ዓመት ስላለፈኝ እንዲህ ያለ ቦርድ አያስደነግጠኝም፤ ቶሎ እንደሚያልቅም ቃል ገባሁላቸው። እሳቸው ግን ከእኔ ይልቅ አስተዋይ ነበሩና «አብሽር ልጄ፣ አትቸኩል፤ እንቁላሉ እንደ ሆነ አንዴ ሄዷል» ብለውኝ በሐረጎ ዳገት ወደ ኮምቦልቻ ተመልሰው ወረዱ።

ቦርዱን ስለካው ጥፋቱ ወዲያው ታየ። 12 ቮልቱን ወደ 5 የሚያወርደው 7805 ሬጉሌተር መግቢያውና መውጫው ተገናኝቶ ስለ ነበር፣ 5 ቮልት ብቻ መቀበል የሚገባው ባለ 18 እግር ቺፕ 12 ቮልት በሙሉ ተግቶታል። ሬጉሌተሩን ከአሮጌ ሪሲቨር ነቅዬ ተካሁት፤ ቺፑ ግን በጣት ሲነካ እስኪያቃጥል ድረስ የሚግል ሬሳ ሆኖ ነበር። በጀርባው ላይ ያለውን ጽሑፍ በምራቅ አርሼ በመብራት አንጻር አዘንብዬ ሳነበው ፒክ16ኤፍ628ኤ ይላል፤ ፒክ የተጻፈለትን ፕሮግራም የሚሠራ ትንሽ ኮምፒውተር መሰል ቺፕ ነው። ባዶውን ከአዲስ አበባ ማስላክ ይቻላል፤ ሦስት አስላክሁ። ባዶ ቺፕ ግን የሙቀት ዳሳሹን አያነብም፣ ማሞቂያውን የሚያበራውንና የሚያጠፋውን ሪሌም አያዝም፤ የቀድሞው ፕሮግራም ደግሞ ከሞተው ቺፕ ጋር አብሮ ሄዷል፤ በሕይወት ቢኖርም ፋብሪካዎች እንዲህ ያለውን ፕሮግራም እንዳይነበብ ስለሚቆልፉት ልገለብጠው አልችልም ነበር። ስለዚህ ሙቀቱን 37.5 ዲግሪ ላይ የሚጠብቅ፣ በሦስት ቁልፎች የሚታዘዝ ፕሮግራም ራሴ ጻፍሁ። የዚህ ሥራ ጊዜ ሁለት ምሽት ነው። የጻፍሁትን ከላፕቶፔ ወደ ቺፑ ለማሻገር ግን ሦስት ሳምንት ያህል ፈጀብኝ፤ የፈጀብኝም ኮድ ሳይሆን የኃይል አቅርቦት ነበር። በዚህ ጉዳይ ላይ ያነበብኋቸው መመሪያዎች ሁሉ ስለ ሶፍትዌሩ ብዙ ገጽ ጽፈው፣ ስለ ኃይሉ «13 ቮልት አገናኝ» ብለው ስለሚያልፉት፣ እኔ በተቃራኒው ልሂድበት።

የፒክ ቺፖች ሠሪ የሆነው ማይክሮቺፕ ራሱ የሚሸጠው ፒክኪት የተባለ ፕሮግራመር፣ ማለትም ፕሮግራምን ወደ ቺፕ የሚጽፍ መሣሪያ፣ እንዳለ አውቃለሁ። በዙሪያዬ ባሉት ሱቆች ስላጣሁትና ለሦስት ቺፕ ብሎ ማስመጣቱም ስላልታየኝ፣ በእጄ ባለው አርዱኢኖ ኡኖ በተባለ፣ ከላፕቶፕ በሚታዘዝ ትንሽ ቦርድ ልሠራው ወሰንሁ።

ይህ ቺፕ ፕሮግራም የሚቀበለው በ5 እግሮች ነው። 5ኛው እግር ግራውንድ፣ 14ኛው የ5 ቮልት መግቢያ ነው፤ በ12ኛው የክሎክ ምት ይገባል፣ በ13ኛው ዳታ ይመላለሳል፤ ቀሪው 4ኛው እግር በዘወትር ሥራው ሪሴት (ቺፑን እንደገና ማስጀመሪያ) ሆኖ የሚያገለግለው ነው። ይህ 4ኛው እግር በሥራ ጊዜ ከ0 እስከ 5 ቮልት ባለው ክልል ውስጥ ብቻ ስለሚኖር፣ ከዚያ ክልል እጅግ የራቀ ቮልቴጅ በአጋጣሚ ሊደርስበት አይችልም ተብሎ ታስቧል፤ ስለዚህም 12 ወይም 13 ቮልት ሲያይ የዘወትር ሥራውን ትቶ ለመጻፍና ለመነበብ ራሱን ይከፍታል። ቮልቴጁ እንደ በር ቁልፍ ነው እንጂ እንደ ማገዶ አይደለም፤ ከጥቂት ሚሊአምፒር በላይ አይጠይቅም። ይሁን እንጂ ከ14 ቮልት ካለፈ ያንኑ እግር ያበላሸዋል። እንግዲህ የሚፈለገው ከ12 የማያንስ፣ ከ13.5 የማይበልጥ፣ ስንፈልግ የሚመጣ፣ ሳንፈልገው የሚጠፋ ቮልቴጅ ነው። ስትሰማው ቀላል ይመስላል።

ተማሪ በነበርሁበት ጊዜ ይህ ጥያቄ አልነበረም ማለት ይቻላል። በዚያን ጊዜ በየቤተ ሙከራው ይሠራ የነበረው ጄዲኤም የተባለው ፕሮግራመር ሲሆን፣ ስሙን ያገኘው ከፈጠረው ሰው ስም መነሻ ፊደላት ነው፤ ኃይሉን በሙሉ የሚስበው ሴሪያል ፖርት ከተባለው የኮምፒውተሩ የቀድሞ መገናኛ ነበር። በሴሪያል መስመር ላይ ከግራውንድ በላይም በታችም የሚወዛወዝ ቮልቴጅ አለ፤ በጠረጴዛ ኮምፒውተሮች ላይ ብዙውን ጊዜ 12 ቮልት አካባቢ ይደርሳል። የጄዲኤም ብልሃት የኮምፒውተሩን ግራውንድ ከቺፑ 5 ቮልት እግር ጋር አገናኝቶ፣ ኔጌቲቩን መስመር ለቺፑ ግራውንድ ማድረግ ነው፤ አንድ የ5.1 ቮልት ዜነር (ቮልቴጅን በተወሰነ ልክ የሚይዝ ዳዮድ) እና አንድ የ8.2 ቮልት ዜነር ሲደመሩ 13.3 ቮልት ይሰጣሉ። ይህን መጀመሪያ ሲያስረዱኝ ማጭበርበር ይመስለኝ ነበር፤ ዛሬም ቢሆን ከዚያ የበለጠ ቆንጆ ቁጠባ አላየሁም። ነገር ግን የዛሬ ላፕቶፕ ሴሪያል ፖርት የለውም፤ ከዩኤስቢ ወደ ሴሪያል የሚቀይሩት ገመዶችም መስመራቸው ብዙ ጊዜ ከ5 ወይም 6 ቮልት አያልፍም፤ በዚያ ላይ እያንዳንዱ የመስመር ለውጥ የዩኤስቢውን ተራ ስለሚጠብቅ ቢት በቢት መጻፉ እጅግ ይንቀራፈፋል። ያንን መንገድ ዘጋሁት።

ቀጥሎ ዓይኔ ያረፈው ሣጥን ሙሉ ባለኝ አዳፕተር ላይ ነው። አንዱ ከባድ፣ አሮጌ፣ በውስጡ የብረት ትራንስፎርመር ያለው ሲሆን በላዩ ላይ «12 ቮልት» የሚል ተጽፎበታል። ቴስተሩን ሰካሁበት፤ 17.2 ቮልት። ቺፑን አገናኝቼ ቢሆን ኖሮ የመጀመሪያውን ቀብሬው ነበር። እንዲህ ያለው አዳፕተር 12 የሚሆነው የተጻፈበትን ከረንት በሙሉ ሲሰጥ ነው፤ ያለ ሥራ ሲቀመጥ ግን ካፓሲተሩ የሞገዱን ጫፍ ይዞ ይቀራል፣ የ12 ቮልት ተለዋዋጭ ሞገድ ጫፍ ደግሞ በ1.414 ሲባዛ 17 ገደማ ነው። ለእኔ ጥቂት ሚሊአምፒር ብቻ ለሚያስፈልገኝ ሰው አዳፕተሩ ዘወትር ሥራ ፈት ነው ማለት ነው። መፍትሔው 7812 ሬጉሌተር ጣልቃ ማስገባት ነው፤ ሬጉሌተሩ 2 ቮልት ያህል ትርፍ ስለሚፈልግ 17ቱ ይበቃዋል፤ በግራውንድ እግሩ ሥር አንድ ተራ ዳዮድ ቢጨመርበት መውጫው ወደ 12.6 ከፍ ይላል። ይህን ሠርቼ ለጥቂት ቀናት ፈትኜዋለሁ፤ ዋና መንገዴ ሆኖ ባይዘልቅም ምንም እንከን አላገኘሁበትም።

ቀላሉና ዘመናዊው የራውተር አዳፕተር በአንጻሩ ያለ ሥራም 12.1 ቮልት ላይ ረግቶ ተቀመጠ። እሱን በቀጥታ ለመጠቀም ስዘጋጅ አንድ ነገር ልብ አልኩ፤ የገመዱን ጫፍ በአንድ እጄ፣ የላፕቶፑን ብረት ሽፋን በሌላ እጄ ስነካ ጣቶቼን ስስ ንዝረት ወረረኝ። የእኔ ክፍል ሶኬት እንደ ብዙዎቹ አሮጌ ቤቶች የመሬት መስመር የለውም። እንዲህ ባሉ አዳፕተሮች ውስጥ በመብራቱ በኩልና በ12 ቮልቱ በኩል መካከል ጩኸት ለመቀነስ የምትገባ ትንሽ ካፓሲተር አለች፤ በእርሷ በኩል የምታልፈው ከረንት ሰው አትጎዳም፣ ግን ሁለት የተለያዩ አዳፕተሮች ግራውንድ ሳይገናኝ ከቆየ በመካከላቸው በርካታ አሥር ቮልት ልዩነት ይንሳፈፋል። ያ ልዩነት የመጀመሪያ መንገዱን በዳታ ሽቦ በኩል ካገኘ የሚከፍለው ቺፑ ነው። ስለዚህ ሁለት የኃይል ምንጭ የሚጠቀም ሰው ከሁሉ አስቀድሞ ግራውንድ ከግራውንድ ያገናኝ፣ ሲነቅልም ግራውንዱን መጨረሻ ይንቀል።

ይህን ሁሉ አስተካክዬ ልጀምር ስል መብራት ሄደ። ክረምት ነው፤ ጉሙ ከጦሳ ተራራ ወርዶ መስኮቴን ደፍኖታል፤ መቼ እንደሚመለስ አይታወቅም። ላፕቶፑ ባትሪ አለው፣ አርዱኢኖውም ከላፕቶፑ ይበላል፤ የጎደለችኝ ያቺው 12 ቮልት ብቻ ነበረች። ጎረቤቴ ለመብራት የሚጠቀምበት የሶላር ባትሪ ስላለው ተውሼ ለካሁት፤ 12.6 ቮልት፣ ልክ የምፈልገው። በማግሥቱ ረፋድ ላይ ጉሙ ሲገለጥ ፓነሉ እንደ ተገናኘ እንደገና ስለካው ግን 14.3 ሆኗል። የእርሳስ ባትሪ ሲሞላ ወደ 14.4 መውጣቱ ተፈጥሮው ነው፤ የእኔ ቺፕ ጣሪያ ደግሞ 14 ነው። በዚህ መንገድ የሚሄድ ሰው ባለ 100 ኦም ሬዚስተርና ባለ 13 ቮልት ዜነር ጣልቃ ያግባ፤ ባትሪው 12.6 ላይ ሲሆን ዜነሩ ይተኛል፣ 14.4 ሲደርስ 14 ሚሊአምፒር ያህል እየጠጣ በ13 ይይዘዋል፣ ሙቀቱም ከ0.2 ዋት ስለማያልፍ ግማሽ ዋት ዜነር ይበቃዋል።

እኔን ግን የባትሪው ነገር ወደ ሌላ ሐሳብ ወሰደኝ። በላፕቶፑ ውስጥ በቂ ጉልበት አለ፤ የዩኤስቢ ፖርት በ5 ቮልት እስከ 500 ሚሊአምፒር ይሰጣል፣ እኔ የምፈልገው ደግሞ በ13 ቮልት 1 ሚሊአምፒር ብቻ ነው። የጎደለው ጉልበት ሳይሆን ከፍታ ነው። ውኃን በባልዲ ደረጃ በደረጃ እያቀባበሉ ፎቅ ማውጣት እንደሚቻል ሁሉ፣ ቮልቴጅንም በካፓሲተር እያቀባበሉ ማውጣት ይቻላል፤ ባለሙያዎች ቻርጅ ፓምፕ ይሉታል። የሚያስፈልገው ሦስት 1ኤን4148 ዳዮድ፣ ሁለት ባለ 0.1 ማይክሮፋራድ ሴራሚክ ካፓሲተር፣ አንድ ባለ 10 ማይክሮፋራድ ማጠራቀሚያ ካፓሲተር፣ አንድ የ13 ቮልት ዜነር ነው። ከዜነሩ በቀር ሁሉንም ከተጣለ የዲቪዲ ማጫወቻ ቦርድ ላይ አገኘሁ።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ሦስቱን ዳዮዶች ሁሉም ወደ አንድ አቅጣጫ እንዲያዩ በተርታ በየድኋቸው፤ የተርታው መጀመሪያ 5 ቮልት ላይ፣ መጨረሻው ማጠራቀሚያው ላይ ነው። በመጀመሪያውና በሁለተኛው ዳዮድ መካከል ካለው መገናኛ አንዱ ሴራሚክ ካፓሲተር ወደ አርዱኢኖው 9ኛ ፒን ይሄዳል፤ በሁለተኛውና በሦስተኛው መካከል ካለው ሌላው ወደ 10ኛ ፒን ይሄዳል። ሁለቱ ፒኖች በአንድ ታይመር ሥር ስለሆኑ አንዱ ሲነሣ ሌላው እንዲወድቅ በቀላሉ ይታዘዛሉ፤ እኔ በሰከንድ 50,000 ጊዜ አዘዝኋቸው። 9ኛው ሲወድቅ ካፓሲተሩ ከ5 ቮልቱ ይሞላል፤ ሲነሣ የያዘውን በ5 ቮልት ከፍ አድርጎ ለሁለተኛው ያስረክባል፤ ሁለተኛውም እንዲሁ ሌላ 5 ጨምሮ ወደ ማጠራቀሚያው ይደፋል። 5 ሲደመር 5 ሲደመር 5፣ 15 ነው፤ ሦስቱ ዳዮዶች እያንዳንዳቸው 0.6 ያህል ቀረጥ ስለሚወስዱ 13.2 ይቀራል። ይህን በወረቀት ላይ ሳሰላው፣ ሆነ ተብሎ ለፒክ ቺፕ የተለካ እስኪመስለኝ ድረስ ተደሰትሁ። በቴስተር ስለካው ያለ ሥራ 12.8፣ ቺፑ ላይ ሲለቀቅ 12.4 ሆነ። የዩኤስቢው ቮልቴጅ ከፍ ያለ ላፕቶፕ ላይ ወደ 14 ሊጠጋ ስለሚችል ዜነሩ መቅረት የለበትም፤ ፓምፑ ራሱ ደካማ ስለሆነ ዜነሩን አያሞቀውም።

ይህን ቮልቴጅ ወደ 4ኛው እግር የሚለቅና የሚያግድ ማብሪያ ከሁለት ትራንዚስተር ሠራሁ፤ ቢሲ557 ከላይ ሆኖ 13ቱን ይይዛል፣ ቢሲ547 ደግሞ ከአርዱኢኖው ትእዛዝ ተቀብሎ የላይኛውን ይከፍታል። እዚህ ላይ ሬዚስተሮቹን መቆጠብ ያስፈልጋል፤ በብዙ ሥዕሎች ላይ ያለው ባለ 1 ኪሎ ኦም ሬዚስተር ለአዳፕተር ምንም አይደለም፣ ከፓምፕ ላይ ግን 13 ሚሊአምፒር ስቦ ወዲያው ያንበረክከዋል። እኔ ለቤዙ 47 ኪሎ፣ 4ኛውን እግር ወደ ግራውንድ ለሚስበው 22 ኪሎ አድርጌ አጠቃላይ ፍጆታውን ከ1 ሚሊአምፒር በታች አወረድሁት። የቺፑን 5 ቮልት በቀጥታ ከአርዱኢኖው አንድ ዲጂታል ፒን ሰጠሁት፤ አንድ ፒን 20 ሚሊአምፒር ያለ ችግር ስለሚሰጥና ይህ ቺፕ ሲጻፍበት ከጥቂት ሚሊአምፒር በላይ ስለማይበላ ይበቃዋል። ነገር ግን የቺፑ ማጥፊያ ትእዛዝ ቢያንስ 4.5 ቮልት ስለሚፈልግ ፒኑን በሥራ ላይ ለካሁት፤ 4.8 ነበር። በ14ኛውና በ5ኛው እግር መካከል፣ ከሶኬቱ ሥር ተጠግታ፣ አንዲት 0.1 ማይክሮፋራድ አስቀመጥሁ።

ብየዳውን የጨረስሁት መብራት በሌለበት ምሽት ነው። የብየዳ ብረቴን ጫፍ በከሰል ምድጃ ላይ አግዬ፣ ሦስት ነጥብ በይጄ እንደገና መመለስ ነበረብኝ፤ ሊዱ በብርድ ቶሎ ስለሚደርቅ ሁለቱ ነጥቦች ፈዝዘው ቀሩና በማግሥቱ ደገምኋቸው። ባለ 18 እግር ሶኬቱ ከአሮጌ ቴሌቪዥን የተነቀለ ነው።

ስለ ሶፍትዌሩ በአጭሩ ልለፈው። ቺፑ ባለ 6 ቢት ትእዛዝ ይቀበላል፣ ከዚያ 16 ምት ይከተላል፤ ከ16ቱ የመጀመሪያውና የመጨረሻው ባዶ ሆነው መካከለኛዎቹ 14 ቢቶች የፕሮግራሙ አንድ ቃል ናቸው። እያንዳንዱን ቃል ከጻፍሁ በኋላ ለጥንቃቄ 10 ሚሊሰከንድ እጠብቃለሁ፤ ቺፑ የሚይዘው 2048 ቃላት ስለሆነ ሙሉው 20 ሰከንድ ገደማ ይፈጃል። ከላፕቶፑ ሄክስ ፋይሉን (የተዘጋጀውን ፕሮግራም የያዘውን ፋይል) መስመር በመስመር የሚልከው አጭር የፓይተን ፕሮግራም ነው። አንድ ነገር ብቻ ልናገር፦ በሄክስ ፋይሉ ውስጥ አድራሻ የሚቆጠረው በባይት ስለሆነ የቺፑ አድራሻ እጥፍ ሆኖ ይታያል፤ ይህን ያልተረዳ ሰው ግማሹን ፕሮግራም ከቺፑ ውጭ ሊጽፍ ይችላል።

የመጀመሪያው ቺፕ በመጀመሪያው ሙከራ ተጻፈ። መለያ ቁጥሩን ስጠይቀው፣ በአሥራ ስድስትዮሽ 1066 ብሎ መለሰልኝ፤ የዚህ ቺፕ መለያ ከ1060 ስለሚጀምርና የመጨረሻዎቹ 5 ቢቶች የእትሙ ስለሆኑ ልክ ነው። ወደ እቴቴ ቦርድ ወሰድሁት፣ ዲስፕሌው በራ፣ ሪሌው ጠቅ አለ። አንድ ቁልፍ በተቃራኒ መሥራቱን አየሁና ፕሮግራሙን አርሜ ቺፑን ወደ ፕሮግራመሩ መለስሁት። በዚህ ጊዜ ያገኘሁት ሁሉ 0 ነበር።

ሁለት ቀን በስሕተት ጎዳና ላይ ሄድሁ። የተቆለፈ ቺፕ ሲነበብ 0 እንደሚመልስ ስለማውቅ «በስሕተት ቆልፌዋለሁ» ብዬ ደመደምሁ፤ የማጥፊያ ትእዛዝ ላክሁ፣ ምንም የለም። ሁለተኛውን አዲስ ቺፕ አወጣሁ፤ አንዴ ተጻፈ፣ ለሁለተኛ ጊዜ እምቢ አለ። ሦስተኛውን ከመንካቴ በፊት እጄን ሰብስቤ ተቀመጥሁ። ያዳነኝ አንድ ትንሽ ነገር ነው፦ የተቆለፈ ቺፕ እንኳ መለያ ቁጥሩን አይደብቅም፣ የእኔ ግን መለያውንም 0 ይለኛል። ስለዚህ ቺፑ ተቆልፎ ሳይሆን ጭራሽ እየሰማኝ አልነበረም።

ምክንያቱ ያለው በቦርዱ አሠራር ውስጥ ነው። የመፈልፈያው ቦርድ 4ኛውን እግር ለቁልፍ ስለተጠቀመበት ሪሴትነቱን በኮንፊገሬሽኑ (በቺፑ የአሠራር ምርጫዎች) አጥፍቼዋለሁ፤ የክሪስታሉ እግሮችም ለኤልኢዲ ስለዋሉ የውስጥ ሰዓቱን መርጫለሁ። እንዲህ የተዋቀረ ቺፕ 5 ቮልት ባገኘበት ቅጽበት፣ ማንንም ሳይጠብቅ፣ የራሱን ፕሮግራም መሮጥ ይጀምራል። የእኔ ፕሮግራም ደግሞ በመጀመሪያ የሚያደርገው 12ኛውንና 13ኛውን እግር የዲስፕሌ መውጫ ማድረግ ነው። እኔ 5 ቮልት ሰጥቼ፣ ከዚያ 13 ስልክለት፣ እሱ ቀድሞኝ ሄዷል፤ እኔ ክሎክ የምልክበትን ሽቦ እሱ በተቃራኒ ይገፋዋል። ባዶ ቺፕ ሪሴቱ እንደ በራ ስለሚመጣ የመጀመሪያው ጊዜ ያለ ችግር አለፈ። የማይክሮቺፕ ሰነድም እንዲህ ላለው ሁኔታ መጀመሪያ 13ቱ፣ ከዚያ 5ቱ ይግባ ይላል፤ አንብቤው ነበር፣ ግን የምርጫ ጉዳይ መስሎኝ ነበር።

ቅደም ተከተሉን ገለበጥሁት። አሁንም 0።

በዚህ ጊዜ ግን ቴስተሩን ከመጀመሪያው ያዝሁ። ፕሮግራመሩ ሥራ ሳይጀምር፣ 5 ቮልቱ ጠፍቷል ብዬ በማስብበት ሰዓት፣ 14ኛውን እግር ስለካው 3.6 ቮልት አለ። ከየት መጣ? ከሴሪያል ልማዴ የተነሣ የዳታ ሽቦውን በእረፍት ጊዜ ከፍ አድርጌ ትቼው ነበር፤ ያ 5 ቮልት በዳታ ሽቦው ላይ ባለው 1 ኪሎ ሬዚስተር አልፎ፣ ቺፑ በየእግሩ ላይ ባሉት መከላከያ ዳዮዶች ሾልኮ ወደ 14ኛው እግር ይደርሳል። የ5 ቮልት ፒኑን ደግሞ ወደ ግራውንድ አላሳረፍሁትም፤ መግቢያ አድርጌ ተንሳፎ ትቼዋለሁ። ቺፑ በበር ሳይሆን በመስኮት እየበላ፣ እኔ ከመድረሴ በፊት ነቅቶ ይጠብቀኛል ማለት ነው። አሁን ፕሮግራሙ ሁሉንም ሽቦዎች ዝቅ ያደርጋል፣ የ5 ቮልት ፒኑን 50 ሚሊሰከንድ ወደ ግራውንድ ያሳርፋል፣ ከዚያ 13ቱን ይለቃል፣ ከዚያ 5ቱን። ሁለቱም «የሞቱ» ቺፖች በዚያው ምሽት 1066 ብለው መለሱ። በፕሮግራመሩ ቦርድ ጠርዝ ላይ በማርከር «መጀመሪያ 13፣ ከዚያ 5» ብዬ ጽፌበታለሁ።

ከዚያ በኋላ የቀረው አንድ ጣጣ ብቻ ነበር፤ ከአሥሩ አንዱ ጊዜ ንባቡ ይዛባ ነበር። ይህ ቺፕ 13 ቮልት ሳይፈልግ በ5 ብቻ የሚጻፍበት ሌላ በር በ10ኛው እግር ላይ አለው፤ ባዶ ቺፕ ላይ ያ በር ክፍት ሆኖ ስለሚመጣ፣ እግሩ ተንሳፎ ከተተወ የእጅ መጠጋት እንኳ ያደናግረዋል። 10ኛውን እግር በ10 ኪሎ ሬዚስተር ወደ ግራውንድ ሳስረው ጣጣው ቀረ።

ቺፑን ይዤ ኮምቦልቻ የወረድሁት ቅዳሜ ነበር። መፈልፈያው ሥራ ጀመረ፣ ግን ሙቀቱ ከ37.5 ወደ 38.2 ዘልሎ ይመለሳል፤ ሣጥኑ ከእኔ ክፍል ይልቅ ሙቀት የሚይዝ ስለሆነ ማሞቂያው ቀደም ብሎ መጥፋት ነበረበት። ቁጥሩን ላርም ላፕቶፔን እንደ ከፈትሁ መብራት ጠፋ። እቴቴ ከጓዳ «ይኸው፣ ዛሬም አላሠራህ አለ» ሲሉ እኔ ቺፑን ነቅዬ የፕሮግራመሩ ሶኬት ላይ አስቀምጬ ነበር። ፓምፑ ከላፕቶፑ ባትሪ 12.4 ሰጠ፣ ጽፎ አነበበ፣ ልዩነት የለም አለ። ቺፑን ወደ ቦርዱ መልሼ እስክከድነው ድረስ ሁለተኛው ቡና ቀርቦ ነበር፤ መብራቱ የመጣው ከመግሪብ በኋላ ሲሆን፣ በዚያ ምሽት ቴርሞሜትሩ ከ37.7 ሲያልፍ አላየሁትም።